ደመናው የማን ነው? ስለ ርካሽ ኮምፒውተሮችና ስለ ኢንተርኔቱ ቁልፍ



በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ እስረኞችና ስለ ሥልጣን ነው። ዛሬ ስለ ርካሽ ኮምፒውተር ልጽፍ መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። «ሰውዬው ፖለቲካውን ትቶ ሱቅ ከፈተ እንዴ?» የሚልም አይጠፋም። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ከዋጋው ጀርባ የተቀመጠው ጥያቄ ከምርጫውና ከሕገ መንግሥቱ ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ቁልፉ በማን እጅ ነው? የሚል ጥያቄ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከቤተሰቤ እጀምራለሁ። (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጎንደር የሚኖሩ አጎት አሉኝ። 38 ዓመት ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። በ1979 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ገጠር ወርደው በኩራዝ ብርሃን ገበሬውን ፊደል ካስቆጠሩት አንዱ ነበሩ። የዚያን ዘመን ትዝታ ከባልደረቦቻቸው እያሰባሰቡ በመጽሐፍ መልክ ሊያኖሩት ከተነሡ ቆይተዋል። ቃላቸውን ከሰጧቸው መምህራን መካከል አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። እንግዲህ ያ ጽሑፍ ቢጠፋ ዳግመኛ የሚጠየቅ ሰው የለም ማለት ነው።

በ2023 መጀመሪያ ላይ አሮጌው ኮምፒውተራቸው በቫይረስ ተይዞ መነሣት እንዳቃተው ነገሩኝ። እኔም እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ200 ዶላር በታች ከሚሸጡት የደመና ኮምፒውተሮች አንዱን ገዝቼ በመንገደኛ ላክሁላቸው። የአምራቹንም ሆነ የመስመር አቅራቢውን ስም መጥራት አያስፈልገኝም። ዕቃው ቀላል ነው፤ ቶሎ ይነሣል፤ ባትሪውም ይቆያል። አጎቴ የስልካቸውን ሞባይል ዳታ ለኮምፒውተሩ እያካፈሉ ይጽፉ ጀመር። እዚህ የምሳ ሰዓት ሲሆን እዚያ ምሽት ነውና፣ ምሳዬን እየበላሁ ሰነዱን ስከፍት፣ እሳቸው ጎንደር ላይ የሚተይቧቸው ፊደላት በእኔ ስክሪን ላይ አንድ በአንድ ሲወለዱ አይ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ቴክኖሎጂ ካደረገልኝ መልካም ነገር ሁሉ ይህን የሚያህል አላስታውስም።

በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ማሽኑ ይበራል፤ ሰነዱ ግን አይከፈትም። ሰነዱን ያለ ኢንተርኔት ለመክፈት የሚያስችለውን ምርጫ አስቀድሜ አላበራሁላቸውም ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም። ከዚያ ወዲያ ስልኩ በሚሠራበት ቀን ይደውሉና «እስቲ የመጨረሻውን ገጽ አንብብልኝ» ይሉኛል። እኔም ከውቅያኖስ ማዶ ሆኜ የደራሲውን ጽሑፍ ለደራሲው አነባለሁ። እሳቸው ከዚያ የሚቀጥለውን በ50 ሉክ ደብተር ላይ በእጃቸው ይጽፋሉ። ሰነዱ ለእኔ ቅርብ፣ ለባለቤቱ ሩቅ ሆነ። በመጨረሻ 61 ገጽ አትሜ በመንገደኛ ላክሁ። ወረቀቱ የደረሳቸው ዕለት መርቀውኝ ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ለመሆኑ አንተ ልጅ፣ ይህ ዕቃ የተገዛ ነው ወይስ የተከራየ?»

ወዲያው የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ያን መልስ ፍለጋ ነው።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። በ1995 የኦራክል መሥራች ላሪ ኤሊሰን 500 ዶላር የሚያወጣ፣ በሆዱ ብዙ የማይሸከም፣ ሥራውን ሁሉ ከመረብ የሚቀበል ኮምፒውተር ይመጣል ብለው ነበር። ያን ጊዜ የቤት ኢንተርኔት በስልክ መስመር የሚንፏቀቅ ስለ ነበር ሐሳቡ ሳይሰምር ቀረ። በ2005 ደግሞ የኤም አይ ቲው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለድሃ አገር ሕፃናት የ100 ዶላር ላፕቶፕ ይዤ እመጣለሁ አሉ። ዋጋው እንደ ታሰበው 100 ላይ አልቆመም፤ ወደ 200 ተጠጋ። ጥቂት ሺዎቹ ኢትዮጵያ ድረስ መጥተዋል። ያ ላፕቶፕ ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ግን አንድ ነገር ይመሰክርለታል፤ የተሠራው መረብ በሌለበት ቦታም እንዲያገለግል ታስቦ ነበር።

ከዚያ ክሮምቡክ መጣ። ጉግል አሠራሩን በ2009 አስታወቀ፤ በጁን 2011 ሳምሰንግና ኤሰር የሠሯቸው የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ከ349 ዶላር ጀምሮ ለገበያ ቀረቡ። በ2012 መጨረሻ ዋጋው እስከ 199 ዶላር ወረደ። በኮቪድ ዘመን ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው ያደሉት ይህንኑ ነው፤ እዚህ አገር ልጅ ያሳደገ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ርካሽ የሆነበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ኃይለኛ ፕሮሰሰርም ትልቅ ማከማቻም አያስፈልገውም፤ ከባዱን ሥራ የሚሠራውም፣ ሰነዱን የሚያኖረውም ሩቅ ያለው የኩባንያው ማዕከል ነው። እጃችን ላይ ያለው ዕቃ መስኮት ነው፤ ቤቱ ሌላ ቦታ ነው።

ሐቀኛ ለመሆን የዚህን ማሽን በጎነት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ በጎነቱ የፖለቲካ ትርጉም አለው። በፌብሩዋሪ 2014 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም የሠራው የስለላ ሶፍትዌር በውጭ አገር ወደሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች መላኩን አጋለጠ። ሶፍትዌሩ ሰነድ መስሎ የሚመጣ ነበር። በዲሴምበር 2017 ደግሞ ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ መሣሪያ በኦሮሞ አክቲቪስቶችና በሌሎች ላይ መዋሉን ያው ተቋም ይፋ አደረገ። ሰዎቹ ቪዲዮ ለማየት ሲሞክሩ «ፍላሽ ማጫወቻህን አድስ» የሚል የሐሰት ገጽ ይቀርብላቸው ነበር። በሁለቱም ጊዜ ምልክቱ ያመራው ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ነበር። ወጥመዱ የተዘረጋው ዊንዶውስ ለጫኑ ኮምፒውተሮች ነው። ክሮምቡክ የዊንዶውስን ፕሮግራም በቀጥታ አያስኬድም፤ በተነሣ ቁጥር ሥርዓቱ አለመነካቱን ይመረምራል፤ እያንዳንዱን ገጽ በየራሱ ክፍል አጥሮ ያስቀምጣል፤ ራሱን በራሱ ያድሳል። እንግዲህ ለተራው የቤት ተጠቃሚ፣ ለእናቶቻችንና ለአጎቶቻችን፣ በ200 ዶላር ይህን ያህል ጥበቃ የሚሰጥ ዕቃ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ማሽኑ ቢሰረቅ ወይም ቢሰበርም ጽሑፉ አይጠፋም፤ በሌላ ማሽን ላይ ስምና የይለፍ ቃል ማስገባት ይበቃል።

ታዲያ ክፋቱ ምኑ ላይ ነው? እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ማሽኑ ከሌባውና ከሰላዩ ይጠብቀናል፤ ቁልፉን ከያዘው ግን አይጠብቀንም። ቁልፍ ያዦቹ ደግሞ ሁለት ናቸው፤ አንዱ አገር ቤት፣ ሌላው ባሕር ማዶ።

የአገር ቤቱን እናውቀዋለን። በ2016 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። በ2017 ለብሔራዊ ፈተና ተብሎ ተዘጋ። በጁን 2019 ከባሕር ዳሩና ከአዲስ አበባው ግድያ በኋላ ተዘጋ። ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ፣ አገሪቱ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ጨለማ ውስጥ ገባች። ልብ በሉ፤ መንግሥት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ ያጸደቀው በዚያው በ2020 ነው። በኖቬምበር 2020 ትግራይ ተቆረጠች፤ መስመሩ ደረጃ በደረጃ መመለስ የጀመረው በ2022 መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ ተራው የአማራ ክልል ሆነ። መንግሥት ተለውጧል፤ መሪው ተለውጧል፤ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮም ሳፋሪኮም ገብቶ የስልኩ ገበያ የአንድ ድርጅት ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ማጥፊያው ግን በቦታው አለ።

ድሮ ኢንተርኔት ሲዘጋ የምናጣው ዜናና ደብዳቤ ነበር። የዛሬው ይለያል። ኮምፒውተራችን ራሱ ኢንተርኔቱ ውስጥ ከገባ፣ መስመሩ ሲዘጋ የሚዘጋው የትናንት ጽሑፋችን፣ የተማሪው የመመረቂያ ወረቀት፣ የነጋዴዋ የሒሳብ መዝገብ ጭምር ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 መረጃን የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነትን ይሰጣል፤ ስለ ኢንተርኔት መዘጋት ስንከራከር ሁልጊዜ የምንጠቅሰው ይህን ነው። በእኔ እምነት ዛሬ አንቀጽ 26ም መጠቀስ አለበት፤ የሰው ማስታወሻና ደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነትም ሳይቀር አይደፈርም ይላልና። የአጎቴ ሰነድ ማስታወሻ ነው። ማስታወሻውን ማንም አላነበበበትም፤ ባለቤቱም ግን ሊያነበው አልቻለም። አንድ ሰው ቤትህ ገብቶ ደብተርህን ባይገልጥ፣ ነገር ግን ቤትህን ከውጭ ቆልፎ ቢሄድ፣ ደብተሬ አልተደፈረም ትላለህ?

የባሕር ማዶውን ቁልፍ ያዥ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። በጁላይ 2009 አማዞን ከአንባቢዎች ኪንድል ላይ ገዝተው ያስቀመጧቸውን መጻሕፍት ከሩቅ ሆኖ ሰረዘ፤ ከመጻሕፍቱ አንዱ የጆርጅ ኦርዌል 1984 መሆኑ ሲያስቅ ኖሯል። በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። በጁላይ 2019 ጊትሃብ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት በኢራን፣ በሶርያና በክራይሚያ ባሉ ተጠቃሚዎች አካውንት ላይ ገደብ ጣለ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር አዶቢ በቬኔዝዌላ ያሉትን አካውንቶች ሁሉ ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ፤ ፈቃድ አግኝቶ ውሳኔውን ቢሽረውም፣ የአገሩ ግራፊክ ሠራተኞች መሣሪያቸው በአንድ ጀምበር ከእጃቸው ሊወጣ እንደሚችል አዩ። እነዚህ ሰዎች ምንም አላጠፉም። የዋሽንግተንና የካራካስ ጠብ ዳፋ ነው የደረሳቸው።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው። ጉግል በሜይ 2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንት፣ በውስጡ ካለው ሁሉ ጋር፣ ሊሰረዝ ይችላል፤ መሰረዙም ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ደንቡን ያወጡት በክፋት አይደለም፤ የተተወ አካውንት ለሌባ ይመቻል የሚል ምክንያት አላቸው። ነገር ግን ትግራይ ከመረብ የተቆረጠችበትን ጊዜ ቁጠሩ። ደንቡ የወጣው መስመሩ መመለስ ከጀመረ በኋላ ነው እንጂ፣ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ የአንድ ጦርነት ዕድሜ የአንድን ሕዝብ ሰነድ ለመደምሰስ በበቃ ነበር። ለካሊፎርኒያው ሰው ሁለት ዓመት የመርሳት ጊዜ ነው። ለመቀሌው ሰው የመታገድ ጊዜ ነው። ደንቡ የረሳውንና የታገደውን አይለይም። ሁለቱ ቁልፍ ያዦች ሳይተዋወቁ፣ ሳይማከሩ፣ እንዲህ ሊረዳዱ ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆቼ የሚያነሡትን ተቃውሞ ልጥቀስ። «የሃርድ ዲስኩ ኮምፒውተርስ መች አስተማማኝ ሆነና? ይቃጠላል፤ ይሰረቃል፤ ቫይረስ ይበላዋል። ዘጠኝ መቶ ዶላር የሌለው ሰው ስለ ነፃነት ከሚያስብ በ200 ዶላር ሥራውን ይሥራ» ይሉኛል። ተቃውሞው ከባድ ነው። የአጎቴን አሮጌ ኮምፒውተር ያንበረከከው መንግሥት ሳይሆን ቫይረስ ነበር። እኔም ለድሃ ሰው ርካሽ ዕቃ አትግዛ የምልበት ሞራል የለኝም። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የሃርድ ዲስክ መቃጠል አደጋ ነው፤ በየቤቱ በየተራ ይደርሳል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይተራረፋል። የመስመር መዘጋት ግን ውሳኔ ነው፤ በአንድ ሰዓት ሚሊዮኖችን ይመታል፤ የሚመታውም ሰው ጽሑፉን በጣም በሚፈልግበት ክፉ ቀን ነው። አደጋን በጥንቃቄ መቀነስ ይቻላል። ውሳኔን የሚገታው ሕግ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማሽኑን እንቃወም አልልም። የምለው በማሽኑ ላይ የምንጠይቀው ነገር ይኑር ነው።

ከመንግሥት የምንጠይቀው፦ መስመር የሚዘጋው በሕግ በተጻፈ ምክንያት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ለተወሰነ ቦታና ጊዜ ብቻ ይሁን፤ የዘጋውም በስሙ ይጠየቅ። ይህ የሕልም እንጀራ አይደለም። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት በጁን 2020 ቶጎ በ2017 ኢንተርኔት መዝጋቷ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈርዷል። ፍርዱ እኛን አያስገድድም፤ አፍሪካዊ ዳኛ ይህን ሊፈርድ እንደሚችል ግን ያስተምራል። ኢትዮጵያም በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። መረጃዬን ከሌላ ሰው የሚጠብቅ ሕግ መልካም ነው፤ መረጃዬን ከእኔው የሚያርቀውን የሚከለክል ሕግ ግን ገና ይቀረናል።

ከኩባንያዎቹ የምንጠይቀው፦ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ተጠቃሚው ፈልጎ የሚያበራው ምርጫ ሳይሆን ማሽኑ ከካርቶኑ ሲወጣ ይዞት የሚመጣው ባሕርይ ይሁን። አካውንት የመሰረዝ ደንቡም ኢንተርኔት የተዘጋበትን ቦታ ነዋሪ የሚታደግ ልዩ አንቀጽ ይኑረው፤ የትኛው አገር መቼ እንደ ተቆረጠ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለምና። ጉግል በ2023 የክሮምቡክን እድሳት ወደ 10 ዓመት ማራዘሙ የተጠቃሚ ጩኸት ሰሚ እንዳለው ያሳያል። እኛ ግን አልጮኽንም።

ከራሳችን፣ ከዲያስፖራው፣ የምጠይቀው ደግሞ ይህን ነው። ዕቃ ከመላካችሁ በፊት ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ሞክሩት። ያለ መስመር መክፈትና መጻፍ ካልቻለ ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው። ሰነዱን በየወሩ በፍላሽ መገልበጥን አስተምሩ፤ ፍላሹንም አብራችሁ ላኩ። እድሳቱ የሚያበቃበትን ዓመት ሳታዩ አትግዙ፤ ዘመኑ የሚቆጠረው እናንተ ከገዛችሁበት ቀን ሳይሆን የማሽኑ መሠረታዊ ሥሪት ከወጣበት ነው። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የቆዩ ፊደሎች የተጻፉ ሰነዶች ካሉ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሯቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፈው ብዙው ደመናው ላይ ሲወጣ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ገንዘብ ላጠረው ደግሞ ሌላም መንገድ አለ፤ ዊንዶውስ የከበደው አሮጌ ላፕቶፕ ሊኑክስ ቢጫንበት ያለ አንዳች ክፍያ ነፍስ ይዘራል፤ ሰነዱም በሆዱ ይቀመጣል።

የአጎቴ መጽሐፍ ገና አላለቀም። መስመሩ ከተመለሰ በኋላ በደብተር የጻፉትን እየተየቡ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚከፈትበትን ምርጫ በስልክ እየመራኋቸው አበሩት። ፍላሽም ገዝተዋል። ደብተሩን ግን አልጣሉትም። «ይህኛው የይለፍ ቃል አይጠይቀኝም» ይላሉ።

እንግዲህ ለጥያቄያቸው ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፤ ጋሼ፣ ዕቃው የተገዛ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን የተከራየ ነው፤ አከራዮቹም ሁለት ናቸው፤ ውል የፈረምነው ከአንዱ ጋር ብቻ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያገራችን ሰው። ደመናውን አንጠላውም፤ ዝናብም የሚመጣው ከደመና ነው። ግን ገበሬው ደመና አየሁ ብሎ ጎተራውን አያፈርስም።

ቸር ይግጠመን።